የመዋቅር ለውጥ ሲመጣ ሠራተኛን በሥራውና በጤናው ማጽናት፦ የአማራጮች ንጽጽር

ሁለት መሥሪያ ቤቶች ሲዋሐዱ፣ አንዱ ለሁለት ሲከፈል ወይም በነበረበት ሆኖ መዋቅሩን አፍርሶ እንደገና ሲያደራጅ፣ የበላይ አመራሩ አብዛኛውን ጊዜውን የሚያውለው በንብረት ርክክብ፣ በሒሳብ ምርመራና በኮምፒዩተር ሥርዓት ላይ ነው። ሠራተኛው ግን ዜናው ከተሰማበት ሰዓት ጀምሮ የሚያብሰለስለው ሌላ ነገር ነው፤ የት እንደሚመደብ፣ በማን ሥር እንደሚሆን፣ ደረጃውና ደመወዙ እንደነበሩ ይቀጥሉ እንደሆነ፣ ቤት የገዛበት ብድር ምን እንደሚሆን ማወቅ ይፈልጋል። ይህ መመሪያ የተጻፈው በእንዲህ ያለ ጊዜ ከበርካታ መንገዶች አንዱን መምረጥ ላለባቸው የሰው ሀብት ኃላፊዎች፣ የሥራ ክፍል ኃላፊዎችና የሠራተኛ ማኅበር መሪዎች ነው። ጉዳዩ በተለይ ለባንኮቻችን ቅርብ ሆኗል፤ ብሔራዊ ባንክ ዝቅተኛውን የባንክ ካፒታል ወደ 5 ቢሊዮን ብር ከፍ አድርጓል፣ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. የጸደቀው የባንክ ሥራ አዋጅም ለውጭ ባንኮች በር ከፍቷል።

አማራጮቹን የማወዳድርበት ዋና መመዘኛ አንድ ነው፦ ሠራተኛው ዕጣ ፈንታውን ሳያውቅ የሚቆይበትን ጊዜ የሚያሳጥረው የትኛው ነው? በለንደን የመንግሥት ሠራተኞች ላይ እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ የተካሄደው ሁለተኛው የኋይትሆል ጥናት ገና በሒደት ላይ ሳለ፣ ከተጠኑት መሥሪያ ቤቶች አንዱ ወደ ግል እንዲዛወር ተወሰነ። ተመራማሪዎቹ እ.ኤ.አ. በ1995 እንዳሳተሙት፣ የዚያ መሥሪያ ቤት ሠራተኞች ገና ከሥራቸው ሳይነሡ፣ ለውጡን በመጠባበቅ ላይ ሳሉ፣ ስለ ጤናቸው የሰጡት ምላሽ ከሌሎቹ መሥሪያ ቤቶች ባልደረቦቻቸው ይልቅ እየከፋ ሄደ። መጥፎ ዜና የተነገረው ሰው ያዝናል፣ ከቤተሰቡ ጋር ይመክራል፣ መላ ይፈልጋል፤ ምንም ያልተነገረው ሰው ግን የሚመክርበት ነገር ስለሌለው ሁሉንም ክፉ ነገር በአንድ ላይ ይጠብቃል።

ድልድሉ፦ ሁሉም ይወዳደር ወይስ ባለበት ይመደብ?

በአገራችን «ድልድል» የሚለው ቃል ብቻውን ልብን ያስደነግጣል፤ ለዚህም ምክንያት አለው። መሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በተተገበረበት ዘመን የነበሩ ሠራተኞች ስማቸውን በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የፈለጉበትን ቀን ዛሬም ያስታውሱታል። ከዚያም ወዲህ በኅዳር 2003 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም በቀድሞው የቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን ምትክ ሲቋቋም፣ በ2006 ዓ.ም. የመብራት ኃይል ኮርፖሬሽን ለኃይልና ለአገልግሎት ሲከፈል፣ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ኮንስትራክሽንና ቢዝነስ ባንክ ከንግድ ባንክ ጋር ሲዋሐድ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ያንኑ ጥያቄ ጠይቀዋል። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ የሚወሰነውና ለብቻው ረጅም ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ምርጫ የድልድሉ መንገድ ነው።

ሦስት መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው ቀጥታ ምደባ ሲሆን፣ ሠራተኛው በአዲሱ መዋቅር ውስጥ ከነበረበት ጋር ተመጣጣኝ በሆነ የሥራ መደብ ላይ ያለ ውድድር ይቀመጣል። ፈጣን ነው፤ የደንበኛ አገልግሎትም አይቋረጥም። ድክመቱ የሚታየው በውሕደት ጊዜ ነው፤ ሁለት የሒሳብ ኃላፊዎች፣ ሁለት የሕግ ክፍሎች፣ በአንድ ሰፈር ፊት ለፊት የቆሙ ሁለት ቅርንጫፎች ሲገናኙ ሁሉንም ባሉበት መመደብ ችግሩን ለሚቀጥለው ዓመት ማስተላለፍ ይሆናል። ሁለተኛው መንገድ ሁሉንም የሥራ መደቦች ክፍት አድርጎ ሁሉንም ሠራተኛ እንደ አዲስ ማወዳደር ነው። ይህ በወረቀት ላይ ሲታይ እጅግ ፍትሐዊ ይመስላል፤ በተለይም የቀድሞው አመዳደብ በዝምድናና በትውውቅ የተበላሸ ነበር ተብሎ በሚታመንበት ቤት ሠራተኛው ራሱ ሊጠይቀው ይችላል። ሆኖም ጊዜ ይፈጃል፣ ሃያ ዓመት ያገለገለውን ሰውም እንደ ጀማሪ ያስቆጥረዋል።

እኔ ራሴ በዚህ በሁለተኛው መንገድ ውስጥ አልፌአለሁ። የነበርኩበት ድርጅት ሁሉንም መደብ ለውድድር አወጣ፣ ሦስት ወር ይፈጃል የተባለው ሥራ ከስምንት ወር በላይ ወሰደ፣ እስከዚያው ድረስም ኃላፊው ሁሉ «በተጠባባቂነት» ተቀመጠ። ተጠባባቂ ኃላፊ ከባድ ውሳኔ አይወስንም፤ ነገ ከእርሱ እኩል ተወዳዳሪ ሊሆን የሚችለውን ሠራተኛም አይገሥጽም፣ አያበረታታምም። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት መልቀቂያ ያስገቡት ሌላ ቦታ በቀላሉ የሚፈለጉት፣ ማለትም ድርጅቱ ሊይዛቸው ይፈልግ የነበሩት ባለሙያዎች ነበሩ። ውጤቱ በመጨረሻ ሲለጠፍ ከአሥሩ ሰባት ስምንቱ ሰው በነበረበት መደብ ላይ ተመልሶ ተቀመጠ። ያን ያህል ጭንቀት የተከፈለበት ውጤት ይኸው ነበር፤ እስከ ዛሬም ያሳዝነኛል።

ስለዚህ ለአብዛኞቹ ድርጅቶች የምመክረው ሦስተኛውን፣ ቅይጡን መንገድ ነው። ሥራው ያልተለወጠበት መደብ ሁሉ በቀጥታ ይመደብ፣ ይህም ለውጡ በታወጀ በቀናት ውስጥ በደብዳቤ ይረጋገጥ፤ ውድድር የሚደረገው በቁጥር በቀነሱትና ፈጽሞ አዲስ በሆኑት መደቦች ላይ ብቻ ይሁን። በዚህ መንገድ የሚጨነቀው ሰው ቁጥር ከመላው ሠራተኛ ወደ ጥቂቱ ክፍል ይወርዳል። የሁሉም ውድድር የሚመረጠው የአብዛኛው መደብ የሥራ ጠባይ በእርግጥ የተለወጠ እንደሆነ ወይም የቀድሞው ምደባ እምነት ፈጽሞ ያጣ እንደሆነ ነው፤ ያኔም ቢሆን የነጥብ አሰጣጡ አስቀድሞ ይታተም፣ የማለቂያው ቀን ይነገር፣ ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴው ድልድሉን ከሠሩት ሰዎች ውጪ ይቋቋም። ድልድሉን የሠራው ሰው ቅሬታውንም የሚሰማ ከሆነ ይግባኝ አለ ማለት አይቻልም።

በየትኛውም መንገድ ቢኬድ ሕጉ መታወስ አለበት። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሚመለከታቸው የግል ድርጅቶችና የመንግሥት የልማት ድርጅቶች ውስጥ ውሕደት፣ ክፍፍል ወይም የባለቤትነት መተላለፍ የሥራ ውልን አያሻሽልም፣ አያቋርጥምም። «ድርጅቱ ፈርሷልና አዲስ ውል ፈርሙ፣ የቀድሞው አገልግሎት አይቆጠርም» የሚል ኃላፊ የሠራተኛውን ልብ ብቻ ሳይሆን ሕጉንም ይሰብራል። ይህንን አንቀጽ በመጀመሪያው ቀን ጮክ ብሎ ማንበብ ምንም ወጪ የለውም፤ ከብዙ ቃል ኪዳንም የበለጠ ያረጋጋል።

ዜናውን ማን ይናገር?

እዚህ ላይ የሚወዳደሩት ጠቅላላ ስብሰባ፣ የቅርብ ኃላፊና በጽሑፍ ወይም በቴሌግራም የሚላክ ማስታወቂያ ናቸው። ጠቅላላ ስብሰባ ሁሉም አንድ ቃል በአንድ ቀን እንዲሰማ ያደርጋል፤ የለውጡን ምክንያትና አቅጣጫ ለመናገር የሚተካከለው የለም። ነገር ግን በሦስት መቶ ሰው ፊት፣ የበላይ ኃላፊዎች መድረክ ላይ ተደርድረው፣ «የኔ መደብ ምን ይሆናል?» ብሎ የሚነሣ ሠራተኛ በእኛ ዘንድ ብዙም አይገኝም። እውነተኛው ጥያቄ የሚነሣው ከስብሰባው በኋላ፣ በቡና ሰዓት ነው። እዚያ የሚገኘው የቅርብ ኃላፊው ስለሆነ፣ እርሱ ከሠራተኞቹ ቢያንስ በአንድ ቀን ቀድሞ መስማትና ለመልስ መዘጋጀት አለበት። ብዙ አመራሮች ይህንን ይዘላሉ፤ የክፍል ኃላፊው ዜናውን ከበታቾቹ ጋር እኩል በስብሰባ አዳራሽ ይሰማል፣ ከዚያም «እኔም እንደ እናንተው ነኝ» ከማለት በቀር የሚናገረው አይኖረውም።

የማብራሪያው ጥራት ምን ያህል ዋጋ እንዳለው የአሜሪካዊው ተመራማሪ ጄራልድ ግሪንበርግ እ.ኤ.አ. በ1990 ያሳተመው ጥናት በግልጽ ያሳያል። የአንድ አምራች ኩባንያ በሆኑ ሁለት ፋብሪካዎች ደመወዝ ለ10 ሳምንታት በ15 በመቶ ተቀነሰ። በአንደኛው ፋብሪካ ረዘም ያለ ስብሰባ ተደርጎ ምክንያቱ በማስረጃ ተብራራ፣ አመራሩ ማዘኑን ገለጸ፣ ጥያቄም ተመለሰ፤ በሁለተኛው ውሳኔው በአጭሩ ተነግሮ ሁሉም ወደ ሥራው ተመለሰ። የፋብሪካ ንብረት ስርቆት በሁለቱም ቦታ ከፍ ቢልም በቂ ማብራሪያ ባልተሰጠበት ፋብሪካ እጅግ ከፍ ያለ ሆነ፤ የለቀቀውም ሰው በዚያው በዛ። የተቀነሰው ገንዘብ አንድ ዓይነት ነበር፤ የተለየው ሠራተኛው የተያዘበት ሁኔታ ነው።

የጽሑፍ ማስታወቂያ ብቻውን አይበቃም፤ ለማስረጃና ለማስታወሻ ግን አስፈላጊ ነው። በየክልሉ ቅርንጫፍ ያለው ድርጅት ደግሞ አንድ ነገር ይጠንቀቅ፦ ዋናው መሥሪያ ቤት አዲስ አበባ ላይ ጠዋት የሰማውን ጎንደር ወይም ጅግጅጋ ያለው ቅርንጫፍ ከሰዓት በኋላ በጭምጭምታ ከሰማው፣ ከዚያ በኋላ የሚላክለት መግለጫ ሁሉ የተደበቀ ነገር እንዳለው ይቆጠራል። ለቅርንጫፎቹ በተመሳሳይ ሰዓት በስልክ ወይም በቪዲዮ መናገር ይቻላል፤ ይህን ማድረግ ይሻላል።

ማሳተፍ፦ በሙሉ፣ በተወካይ ወይስ በመግለጫ?

በዚህ ጉዳይ ላይ በጣም የቆየና ዛሬም የሚጠቅም ንጽጽር አለ። እ.ኤ.አ. በ1948 ሌስተር ኮክና ጆን ፍሬንች በቨርጂኒያ ግዛት ማሪዮን በተባለች ከተማ በሚገኘው የሃርውድ የፒጃማ ፋብሪካ ያደረጉትን ሙከራ አሳተሙ። የሥራው አሠራር ሊለወጥ ስለነበር ሠራተኞቹ በተለያየ መንገድ ተያዙ፤ ለአንደኛው ቡድን ለውጡ ተነገረው፣ ሁለተኛው በመረጣቸው ተወካዮች አማካይነት በዕቅዱ ገባ፣ ሦስተኛዎቹ ግን ሁሉም አባላት በዕቅዱ ተካፈሉ። ለውጡ ተነግሮት ብቻ የቀረው ቡድን ምርቱ ወርዶ ሳይመለስ ቀረ፣ በ40 ቀናት ውስጥም ከአባላቱ 17 በመቶው ለቀቀ። በተወካይ የተሳተፈው ቡድን በሁለት ሳምንት ገደማ ወደ ቀድሞ መጠኑ ተመለሰ። ሁሉም የተካፈሉባቸው ቡድኖች በፍጥነት ተመልሰው ከቀድሞው በ14 በመቶ ያህል በለጡ፤ ከእነርሱ የለቀቀ ሰው አልነበረም።

ይህንን ብቻ ያነበበ ሰው ሁሉን በሁሉ ማሳተፍ ምንጊዜም ይበልጣል ብሎ ሊደመድም ይችላል። ነገር ግን ፍሬንች ራሱ ከሌሎች ጋር በኖርዌይ አንድ የጫማ ፋብሪካ ተመሳሳይ ሙከራ አድርጎ፣ እ.ኤ.አ. በ1960 በታተመው ውጤት በምርት ላይ ያን ዓይነት ልዩነት አላገኘም። ከተሰጡት ማብራሪያዎች አንዱ የኖርዌይ ሠራተኞች ተሳትፎን በማኅበራቸው በኩል የሚሆን ነገር አድርገው መቁጠራቸው ነው። ከዚህ የምወስደው ትምህርት የተሳትፎው መንገድ ሠራተኛው «ይህ የኔ ድምፅ ነው» ብሎ በሚያምንበት በኩል መመረጥ እንዳለበት ነው። የሚታመን የሠራተኛ ማኅበርና የኅብረት ስምምነት ባለበት ቤት በማኅበሩ በኩል መሄድ ይሻላል፤ ማኅበሩ የአመራሩ ቅጥያ ተደርጎ በሚታይበት ወይም ጭራሹን በሌለበት ቤት ደግሞ በየክፍሉ ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ሰው እየሆኑ በቀጥታ መወያየት ይበጃል።

ከሁሉም የሚከፋው አማራጭ ግን የተወሰነን ጉዳይ ለውይይት ማቅረብ ነው። የመዋቅሩ ንድፍ በቦርድ ጸድቆ ካለቀ በኋላ «ሐሳብ ስጡበት» ብሎ ሁለት ቀን ማወያየት፣ ቃለ ጉባኤ ማስፈረምና አንድም ነገር አለመለወጥ፣ ሠራተኛው በሚቀጥለው ጊዜ አፉን እንዳይከፍት ያስተምረዋል። ምን እንደተወሰነ ተናግሮ ገና ያልተወሰነውን ብቻ፣ ለምሳሌ የፈረቃ አደላደሉን፣ የሥራ ፍሰቱን፣ የሥልጠናውን ቅደም ተከተል፣ ለውይይት መክፈት የበለጠ ክብር ነው።

ሰው የሚቀንስ ከሆነ

ሦስቱ መንገዶች የታወቁ ናቸው፦ ቅጥር አቁሞ በጡረታና በመልቀቂያ እስኪቀንስ መጠበቅ፣ በፈቃድ ለሚለቁ ተጨማሪ ክፍያ መስጠት፣ ወይም በሕጉ መሠረት ቅነሳ ማድረግ። የመጀመሪያው የሚያሳዝነው ሰው ትንሽ ነው፤ ሆኖም ከዓመት በላይ ሲጎትት የለቀቁት ሥራ በቀሩት ትከሻ ላይ ይወድቃል። ሁለተኛው በር የሚከፍተው በቀላሉ ሥራ ለሚያገኘው ሰው በመሆኑ፣ ለየትኞቹ መደቦች እንደሚሠራ አስቀድሞ መገደብ አለበት።

ሦስተኛው ከባድ ቢሆንም ሥርዓት አለው። በአዋጅ 1156/2011 ቅነሳ የሚባለው ከሠራተኛው ቢያንስ 10 በመቶውን ወይም ከ20 እስከ 50 ሠራተኛ ባለው ድርጅት ቢያንስ 5 ሰው የሚመለከት ሲሆን ነው፤ አሠሪውም ከማኅበሩ ወይም ከሠራተኛ ተወካዮች ጋር መመካከር ይኖርበታል። ችሎታና ምርታማነት ያለው ቅድሚያ የመቆየት መብት አለው። የስንብት ክፍያውም በግልጽ ይሰላል፦ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያ ሲሶ፣ ይህም በድምሩ ከ12 ወር ደመወዝ ሳይበልጥ፣ ለቅነሳም ተጨማሪ 60 ቀን። ሰባት ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ በዚህ ስሌት የ150 ቀን ደመወዝ ይደርሰዋል ማለት ነው። ይህንን ስሌት ለእያንዳንዱ ሰው በስሙ ሠርቶ ማስጨበጥ ከማናቸውም የማጽናኛ ንግግር ይበልጣል።

የቀሩትም አይረሱ። በፊንላንድ የራይሲዮ ከተማ የማዘጋጃ ቤት ሠራተኞች ላይ በተደረገና እ.ኤ.አ. በ1997 በታተመ ጥናት፣ ከፍተኛ ቅነሳ ከተደረገ በኋላ በሐኪም የተረጋገጠ የረጅም ጊዜ ሕመም ፈቃድ ጥቂት ብቻ ከተቀነሰባቸው ጋር ሲነጻጸር ከሁለት እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኝቷል።

ጤና፦ አማካሪ መቅጠር ወይስ ሸክም ማቅለል?

ብዙ ድርጅቶች የሠራተኛ ጤና ሲነሣ የሚያስቡት የሥነ ልቦና አማካሪ ወይም የአንድ ቀን የጭንቀት አያያዝ ሥልጠና ነው። ሁለቱም መልካም ናቸው፤ ጭንቀቱን የፈጠረው የሥራው አደረጃጀት ሲሆን ግን ምንጩን ሳይነኩ ውጤቱን ማከም ይሆናል። በፈረንሳይ የሆነው ለሁላችንም ትልቅ ማስጠንቀቂያ ነው። ፍራንስ ቴሌኮም 22,000 ሠራተኞች እንዲለቁና 10,000 እንዲዛወሩ ያቀደበት ለውጥ ከተጀመረ በኋላ ባሉት ዓመታት ሠራተኞች ራሳቸውን አጠፉ። በታኅሣሥ ወር እ.ኤ.አ. 2019 የፓሪስ ፍርድ ቤት 39 ጉዳዮችን መርምሮ፣ ከነዚህም 19ኙ ሕይወት ያለፈባቸው ነበሩ፣ ኩባንያውንና የቀድሞውን ዋና ሥራ አስፈጻሚ በሠራተኛ ላይ በተፈጸመ የሞራል ጥቃት ጥፋተኛ አላቸው። ፍርድ ቤቱ የመረመረው የለውጡ አሠራር ራሱ ሰውን የሚያስጨንቅ ሆኖ መዘርጋቱን ነው።

ስለዚህ በጀት የሚበቃው ለአንዱ ብቻ ከሆነ ሸክም ማቅለልን አስቀድማለሁ። በለውጥ ወራት የዕለት ሥራው አይቀንስም፣ በላዩ ላይ የኮሚቴ ስብሰባ፣ የመረጃ ማዛወር፣ የርክክብ ሥራ ይጨመራል። አዋጁ የትርፍ ሰዓት ሥራን በቀን በ4፣ በሳምንት በ12 ሰዓት ይወስናል፤ ይህ ገደብ በተለይ በዚህ ወቅት ሊከበር ይገባል። «ለውጡ እስኪያልቅ የዓመት ፈቃድ ቆሟል» የሚለው ውስጣዊ ማስታወሻም መተው ያለበት ልማድ ነው፤ ለጀማሪ ሠራተኛ እንኳ በዓመት 16 የሥራ ቀናት የተፈቀዱት ሰው እንዲያርፍ ነው። በጊዜያዊነት ሰው መቅጠር፣ መቅረት የሚችሉ ዘገባዎችን ማስቀረት፣ ሁለት አዳዲስ ሥርዓቶችን በአንድ ወር አለመጀመር ሁሉም የጤና እርምጃዎች ናቸው።

አማካሪ ከተቀጠረ ደግሞ ቢሮው በድርጅቱ ግቢ ውስጥ ባይሆን ይሻላል። ወደ አማካሪ ሲገባ መታየት በእኛ ኅብረተሰብ ገና ያስፈራል፤ አለቃው ሊሰማ ይችላል የሚል ጥርጣሬ ካለ ማንም አይሄድም። በስልክ የሚገኝ፣ ስም ለድርጅቱ የማያስተላልፍ አገልግሎት የተሻለ ነው።

ከሁለቱም ሌላ በእጃችን ያለ ሦስተኛ አማራጭ አለ፤ የባልደረባ መደጋገፍ። የመሥሪያ ቤት እድር፣ እቁብና የቁጠባና ብድር ማኅበር ሠራተኛው በሐዘኑም በችግሩም የሚደገፍባቸው ናቸው። መዋጮአቸው በብዙ ቦታ ከደመወዝ ላይ ስለሚቆረጥ፣ ሁለት የደመወዝ ሥርዓቶች ሲዋሐዱ ማንም ሳያስበው ሊቋረጥ ይችላል። የሒሳብ ክፍሉ ይህንን ዝርዝር አስቀድሞ ይያዝ።

ገንዘብ ወይስ ዋስትና?

በዚህ ላይ ረጅም ክርክር አያስፈልግም። ቁልፍ ባለሙያዎችን ለማቆየት የሚሰጥ ጉርሻ የሚጠቅመው ለጥቂት ሰዎችና ለተወሰነ ጊዜ፣ ለምሳሌ የኮምፒዩተር ሥርዓቱ እስኪዛወር ድረስ ነው። ለአብዛኛው ሠራተኛ፣ በተለይ የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ኑሮ በከበደበት ጊዜ፣ የበለጠ የሚያረጋጋው ያለው ጥቅም እንደማይነካ በጽሑፍ ማወቁ ነው። የባንክ ሠራተኛ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው በአነስተኛ ወለድ የወሰደው የቤት ብድር ከውሕደቱ በኋላ በምን ወለድ እንደሚቀጥል ነው። ለዚህ መልስ ሳይዙ ስለ ራእይና ተልእኮ መናገር ጊዜ ማባከን ነው።

ሁኔታውን በምን እንወቅ?

የተለመደው በዓመት አንድ ጊዜ የሚሞላ ረጅም መጠይቅ ለለውጥ ጊዜ የዘገየ ነው። በየወሩ አምስት ያህል ጥያቄ ያለው አጭር መጠይቅ ይመረጣል፤ ነገር ግን አራት ሰው ባለበት ክፍል ዕድሜና ፆታ የሚጠይቅ ቅጽ «ስም አይጻፍበትም» ቢባልም ማን እንደሞላው ይታወቃል። ስለዚህ ውጤቱ ከአሥር ሰው ለማያንስ ቡድን ብቻ ይዘጋጅ፣ ለሞሉትም ሰዎች በሁለት ሳምንት ውስጥ ተመልሶ ይነገር። ፍርሃት በበዛበት ቤት ግን ከመጠይቁ ይልቅ የሰው ሀብት መዝገቡ እውነቱን ይናገራል፤ በየክፍሉ የሕመም ፈቃድ፣ የመልቀቂያ ደብዳቤና ያልተወሰደ የዓመት ፈቃድ በየወሩ ቢቆጠር ኃላፊው ያላየው ችግር የት እንዳለ ይታያል። ይህ ቆጠራ ለውጡ ከመታወጁ ቢያንስ ከሦስት ወር በፊት ይጀመር፤ አለዚያ ከታወጀ በኋላ የሚገኘው ቁጥር የሚነጻጸርበት አይኖረውም።